ለበሬ ዋስ፥ ለሽጉጥ ዝምታ

በገበያ ቀን በሬ የሚገዛ ሰው የሚያደርገውን ያላየ የለም። አስቀድሞ ራቅ ብሎ ቆሞ አረማመዱን ይመለከታል፤ ቀጥሎ ቀርቦ አፉን ይከፍትና ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ሰኰናውን ይመረምራል፤ ከቀንበር ጋር ያለውን ጠባይ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላም ቢሆን ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። «ዋስ ጥራ» ይላል። ሻጩም በሬው የስርቆት እንዳልሆነ የሚዋስለት የታወቀ ሰው ያቀርባል። በዚህ ነገር ሻጩ አይቈጣም፤ ገዢውም አያፍርም። ሳይመረምር የገዛ እንደ ሆነ ግን ቤቱ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ይስቅበታል።

እንግዲህ ይኸው ጠንቃቃ ሰው አሮጌ ሽጉጥ ለመግዛት ሲነሣ ተመልከቱት። በጨርቅ የተጠቀለለውን ብረት በእጁ ላይ ያኖሩለታል። እርሱም ክብደቱን መዘን መዘን ያደርግና «ጥሩ ነው» ይላል። ውስጡን ከፍቶ አያይም። ከማን እጅ እንደ መጣ አይጠይቅም። ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ወዳጅን እንደ መስደብ ይቈጠርበታል፤ አገላብጦ መመርመርም መሣሪያ የማያውቅ ፈሪ የሚያሰኘው ይመስለዋል። ስለዚህ ለሚያርስለት በሬ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው፥ ነፍስ ለሚያጠፋ ብረት ሩብ ሰዓት እንኳ አይቆምም። ብዕሬን ያነሣሁት ይህንን ልማድ ለመቃወም ነው። መመርመር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይመረምሩ መግዛት ነው እላለሁ።

እኔ ወታደር አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በጠመኔ አቧራ ውስጥ ያሳለፍሁ መምህር ነኝ። ነገር ግን ያስተማርኋቸው ልጆች አድገው ምክር ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በቅርቡ ስለ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ዋጋ ጠየቀኝ። ዋጋ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ አንተ ገና የመጀመሪያውን አልጠየቅህም አልሁት። ከዚያም በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ረጅም ዘመን ካገለገሉ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጋር ተቀምጬ ነገሩን አንድ በአንድ ተማርሁ። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተማሩን መምህር መጋዝ እንኳ ጥርሱ ሳይታይ አይያዝም ይሉን ነበርና፥ ትምህርቱ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። ስለ ውጭ አገር ነገር ስናገር የምጠቅሰው ዓመት በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

አስቀድመን ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ጆን ብራውኒንግ የሚባል በ1855 ዓ.ም. በአሜሪካ በዩታ ግዛት የተወለደ ሰው፥ ጥይቱ ሲተኰስ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኀይል ለሥራ ማዋል እንደሚቻል አስተዋለ። ይህ ኀይል የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ብረቱም ባዶውን ቀለህ አስፈንጥሮ ያወጣል፤ ሞላው ተጨምቆ ሲመለስ ደግሞ ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ቃታው በተሳበ ቍጥር አንድ ጥይት ይወጣል፤ ቀጣዩ ግን ማንም ሳይነካው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ይህ ነው። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሽጉጦች፥ የሶቭየቱን ቶካሬቭ ጨምሮ፥ ከእርሱ ሐሳብ የተቀዱ ናቸው።

አዲሱ ጥይት ራሱ የሚጎርስ ስለ ሆነ፥ ካዝናውን ነቅሎ ማውጣት ሽጉጡን ባዶ አያደርገውም። አንድ ጥይት በማረፊያው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በአገራችን «ባዶ ነው ብዬ ነበር» እየተባለ የሚለቀሰው ልቅሶ ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የሚመነጭ ነው። ስለዚህ የምርመራው መጀመሪያ እንዲህ ነው፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፥ ጣት ከቃታው ርቆ፥ ካዝናው ይወጣል፤ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ይያዛል፤ የጥይቱ ማረፊያ በዓይን ይታያል፥ በጣትም ይዳሰሳል። ሻጩ ይህን ሳያደርግ ሽጉጡን ወደ እጃችሁ ቢዘረጋላችሁ ከዚያ ወዲያ ምርመራ አያስፈልጋችሁም። ይህን የማያደርግ ሰው ሽጉጡን ሲጠብቀው እንዴት እንደ ኖረ በዚያች አንዲት ቅጽበት ነግሮአችኋልና፥ ደኅና ዋል ብላችሁ ውጡ።

ቀጥሎ ብረቱ ራሱ ይመረመራል። አሮጌ ሽጉጥ እንደ አሮጊት ቤት ነው፤ ግድግዳው በኖራ ቢቀባም ምሰሶው የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። አንጸባራቂ ቀለም ዝገትንና ስንጥቅን ይሸፍናል። ስለዚህ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ማየት ያስፈልጋል። በውስጡ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች ጥርት ብለው ይታዩ እንደ ሆነ፥ ወይስ ዝገት በልቶአቸው እንደ ሆነ ይታወቃል። በድሮ ዘመን የተሠሩ ብዙ የጦር ሠራዊት ጥይቶች በማቀጣጠያቸው ውስጥ እርጥበት የሚስብ ጨው ይቀር ነበር፤ ከተኰሰ በኋላ ያልወለወለ ሰው አፈሙዙን ለዝገት አሳልፎ ሰጥቶታል። በውስጡ እንደ ቀለበት ያበጠ ስፍራ ከታየ ደግሞ፥ አንድ ጊዜ ከሽፎ በቀረ ጥይት ላይ ሌላ ጥይት ተተኵሶበታል ማለት ነውና እንዲህ ያለው ብረት አይነካም።

የላይኛው ብረትና ከታች ያለው አካሉ ስንጥቅ እንዳለባቸው በተለይ በማእዘናቸው ላይ ይታያል። ሞላው በዕድሜ ደክሞ ከሆነ ብረቱ በኀይል እየተላተመ ራሱን ይሰብራል። የካዝናው ከንፈር ከተጣመመ ጥይቱ በመካከል ይቀረቀራል። ብዙ አሮጌ ሽጉጥ የራሱ ካዝና ጠፍቶ የሌላውን ካዝና ጎርሶ ይገኛል። በአካሉ፥ በአፈሙዙና በላይኛው ብረት ላይ የተጻፈው ቍጥር አንድ መሆን አለመሆኑም ይነበባል። ቍጥሮቹ የተለያዩ እንደ ሆነ ከተለያዩ ሽጉጦች የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ በሞረድ የተፋቀ እንደ ሆነ ግን ነገሩ የብረት ጕዳይ መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ጕዳይ ይሆናል።

ስለ መቈለፊያውም አንድ ቃል ልጨምር። ሰው ሁሉ ሽጉጥ ቈልፌዋለሁ ሲል ሁሉም ሽጉጥ አንድ ዓይነት ቍልፍ ያለው ይመስለዋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። የሶቭየት ኅብረት ሠራዊት በ1930 ዓ.ም. የተቀበለው ቶካሬቭ በእጅ የሚዘጋ መቈለፊያ ጨርሶ የለውም፤ ያለው መዶሻው በግማሽ የሚቆምበት ጥርስ ብቻ ነው፤ ያ ጥርስ ካረጀ ሽጉጡ ሲወድቅ ሊባርቅ ይችላል። የ1934 ዓ.ም. የጣልያን ቤሬታ መቈለፊያው ቃታውን ብቻ እንጂ መዶሻውን አይዝም። በ1951 ዓ.ም. በሶቭየት ሠራዊት የተመረጠው ማካሮቭ የተሻለ መቈለፊያ አለው፤ ነገር ግን አሮጌ ሲሆን እርሱም መፈተን አለበት። ስለዚህ «ተቈልፏል» የሚለው ቃል የትኛው ሽጉጥ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ምንም ትርጉም የለውም።

ጥይቱም ሌላ ወጥመድ ነው። ቤሬታው፥ ማካሮቩና ብራውኒንግ የጀመረው የ1935 ዓ.ም. ሽጉጥ ሦስቱም በሰው አፍ «ዘጠኝ» ይባላሉ። ነገር ግን የቀለሃቸው ርዝመት አንዱ 17፥ አንዱ 18፥ አንዱ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማካሮቩም እርሳስ ከሌሎቹ ጥቂት ይወፍራል። አንዱን በአንዱ ውስጥ ለማስገባት የሚታገል ሰው ወይ ሽጉጡን ያስረዋል፥ ወይ እጁን ያጣል። ደላላው ግን «ዘጠኝ ያው ዘጠኝ ነው» ብሎ የተቀላቀለ ጥይት በላስቲክ ቋጥሮ ይጨምርላችኋል፤ ምርቃት ይለዋል። እንዲህ ካለው ምርቃት እርግማን ይሻላል።

እስከዚህ የተናገርሁት ሁሉ ስለ ብረት ነው። ከብረቱ የሚበልጠው ምርመራ ግን የመጣበትን መንገድ መጠየቅ ነው። በአገራችን በየቤቱ የሚገኘው አሮጌ ሽጉጥ ከሰማይ አልወረደም። አንዳንዱ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ይዞት የመጣ ነው፤ ብዙው ግን ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ከሶቭየት ኅብረት ለሠራዊታችን የተሰጠ፥ በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን በየሰዉ እጅ የቀረ ነው። ስለዚህ ብዙው በመሠረቱ የመንግሥት ንብረት፥ ማለት የሕዝብ ገንዘብ ነበረ። በዛሬው ሕግም፥ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012፥ ከተቈጣጣሪው ተቋም ፈቃድ ሳያገኙ መሣሪያ መያዝ፥ መሸጥና መግዛት ወንጀል ነው። በሬ የገዛ ሰው ዋስ ቢያጣ የሚያጣው በሬውን ነው፤ ሽጉጥ የገዛ ሰው ግን ነጻነቱን ያጣል። ያ ብረት ከዚያ በፊት ሰው የተገደለበት ቢሆንስ? የገዢው እጅ ባይነካውም ስሙ ከደሙ ጋር አብሮ ይጻፋል።

ብረቱ ደኅና ከሆነ ይበቃል ለሚሉት አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1948 ማሕተመ ጋንዲ በኒው ዴልሂ ወደ ጸሎት ሲሄዱ በሦስት ጥይት ተገደሉ። የገደላቸው ሽጉጥ የ1934 ዓ.ም. ቤሬታ ነበረ፤ አዲስ አልነበረም፥ ያገለገለ ነበረ። ስለ ነገሩ የጻፉ ሰዎች ሽጉጡ አስቀድሞ ኢትዮጵያን በወረረ አንድ የጣልያን መኰንን ወገብ ላይ የነበረ፥ በኋላም በምርኮ ወደ ሌላ እጅ ያለፈ ነው ይላሉ። ገዳዮቹ ከዚያ በፊት በእጃቸው የነበሩት መሣሪያዎች ስላላስተማመኑአቸው ደኅና ሽጉጥ ፍለጋ ግዋሊዮር ወደምትባል ከተማ ሄደው ያንን አገኙ። እንግዲህ አስተውሉ፤ እነዚያ ሰዎች ብረቱን መርምረዋል። ሽጉጡም አልከሸፈባቸውም። በብረት ምርመራ ብቻ ከሆነ ከእነርሱ የተሻለ ገዢ አይገኝም። የጐደለው ምርመራ ሽጉጡን የሚሸጠው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ነበረ፤ ይህን የምሰጠው ለማን ነው፥ ምንስ ሊያደርግበት ነው የሚለው። ዋስ የሚጠራው ለሻጭ ብቻ አይደለም፤ ሽጉጥ ሲሆን ለገዢም ዋስ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የሚነሡብኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «የአባቶቻችን ወግ ነው፤ እነርሱ በመሣሪያ አገር አቆዩ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አቆዩ። ነገር ግን አርበኛ መሣሪያውን እንዴት ይይዝ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመከራከሪያ አያቀርበውም። ጥይት በቍጥር በሚገኝበት ዘመን የነበረ ሰው ጠመንጃውን በየጊዜው ይወለውል ነበር፤ በማን ላይ እንደሚተኵስም ያውቅ ነበር። ጨርቅ ፈትቶ ሳያይ ብረት የሚገዛ ሰው ከአርበኛ ጋር የሚያመሳስለው አንዳች ነገር የለም። ወግ ከሆነ ወጉን ሙሉውን ይያዝ።

ሁለተኛው «ወዳጄ ነው፥ እንዴት እመረምረዋለሁ» የሚል ነው። ይህ ግን ወዳጅነትን መሳደብ ነው። ወንድሙ የሸጠለትን በሬ ጥርሱን ያላየ ገበሬ አላውቅም፤ ወንድሙም ተቀይሞ አያውቅም። እውነተኛ ወዳጅ ሽጉጡን ራሱ ከፍቶ ባዶነቱን ያሳያል፤ ወረቀቱን ሳይጠየቅ ያወጣል፤ ጕድለቱን ይናገራል። ስትጠይቁት ፊቱ የሚጠቍር ከሆነ የተቀየመው ወዳጅነቱ ሳይሆን ምስጢሩ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነውና በአክብሮት እመልስለታለሁ። «ዘመኑ ክፉ ነው፤ ቤቴን ልጠብቅበት ነው» የሚል ነው። ፍርሃት ነውር አይደለም፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ ሰው የለም። ነገር ግን በእውነት የሚፈራ ሰው ከሁሉ ይልቅ መመርመር የሚገባው ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ሞላው የደከመ፥ ጥይቱ የሚከሽፍ፥ ካዝናው የሌላ የሆነ ሽጉጥ በመከራ ቀን የአህያ ባል ነው። በሰላም ቀን ደግሞ በቤት ውስጥ የተኛ እባብ ነው። ሌባው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል፥ ወይም ከቶ አይመጣ ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን በየቀኑ ትራሱን ያነሣል፥ ሣጥኑን ይከፍታል። የሰከረው እንግዳ፥ የተቈጣው ወንድም፥ ልቡ የተሰበረው ጐረምሳ በየቀኑ በቤቱ ውስጥ ይመላለሳል። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ ነበረው። ሰይፉም የተሳለ ነበረ፤ አልከሸፈም። ነገር ግን በድንጋጤ መዝዞ የቈረጠው የአንድ አገልጋይ ጆሮ ነው፤ ያ ሰው የነገሩ ባለቤት አልነበረም። በዚያች ሌሊት ጆሮውን ዳስሶ የፈወሰው ጌታ በአጠገቡ ነበረ። በእኛ ቤት ግን የባረቀች ጥይት የበሳችውን ማን ዳስሶ ይመልሳል? ድንጋጤ ጥሩ ተኳሽ አይደለም፤ አሮጌ ሽጉጥም የድንጋጤን ስሕተት አያርምም።

አራተኛው «አዲስ ለመግዛት አቅም የለኝም» የሚል ነው። ይህ ስለ ጫማ ቢሆን ኖሮ ተገቢ መልስ በሆነ። የተቀደደ ጫማ የሚጐዳው የራሱን ባለቤት እግር ነው። ሽጉጥ ግን ጕዳቱ በገዢው ላይ ቢቆም ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ። በርካሽ የተገዛ ሽጉጥ ቀሪውን ዋጋ ከጎረቤት ላይ ይቀበላል። ስለ ደኅና ብረት፥ ስለ ሕጋዊ ወረቀት፥ ስለሚቈለፍ የብረት ሣጥን ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ሽጉጥ ለመያዝም አቅም የለውም፤ ይህን መስማት መራራ ቢሆንም እውነት ነው።

ወጣቶች ልጆቼ፥ እንግዲህ ነገሬን በአጭሩ ልሰብስብላችሁ። አሮጌ ሽጉጥ ግዛ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አምስት ነገር ጠይቁት፤ ፈቃዱ የት ነው? ቍጥሩ ይነበባል? ከማን እጅ መጣ? መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ አይቶታል? በቤቴስ ማን ሊነካው ይችላል? ከአምስቱ ለአንዱ እንኳ መልስ ቢታጣ ጨርቁን መልሳችሁ ጠቅልሉና ስጡት። ለአምስቱም መልስ ቢገኝ ስድስተኛውን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ ብረት ባይኖረኝ በእርግጥ ምን ይጐድልብኛል? እስከዚህ ድረስ በቅንነት ከጠየቁት ሰዎች ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ አምናለሁ። ይህን እንደ ኪሳራ አትቍጠሩት። ጥርሱን አይቶ በሬውን የተወ ገበሬ ገንዘቡን በመቀነቱ ይዞ ተመልሷል፤ ማንም አልሳቀበትም። ሽጉጡን መርምሮ የተወ ሰውም የልጁን ነፍስ፥ የጎረቤቱን ሰላምና የራሱን ስም ይዞ ይመለሳል። ፈሪ ቢሉአችሁ ይበሉ፤ በፈሪ ቤት ሰዎች በሰላም ያድራሉ።